የዘመን በኵራትና የዘመን ቃርሚያ

በኦሪት ሕግ ስለ እርሻ ምርት ሁለት ትእዛዛት ተሰጥተው ነበር። አስቀድሞ የደረሰው ምርጥ እህል በኵራት ተብሎ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይቀርባል፤ ከአጨዳ በኋላ በማሳው ላይ የሚቀረው ቃርሚያ ደግሞ ለድኃና ለመጻተኛ ይተዋል። ምርጡን በጎተራው ከትቶ፣ ከገለባ መካከል የለቀመውን ይዞ ወደ መሠዊያው የሚቀርብ ገበሬ ቢኖር፣ ሥራው ምን ያህል ድፍረት እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በእህል ብናየው የምንነቅፈውን ይህን ነገር ግን በዘመናችን ላይ ዕለት ዕለት ስናደርገው እንገኛለን።

በነቢዩ ሙሴ ጸሎት የሰው ዕድሜ 70 ዓመት፣ ቢበረታም 80 ተብሎ ተቈጥሯል (መዝ. 89)። 70ው ዓመት በቀን ሲመነዘር ከ25,500 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ቍጥሩ የብር ቢሆን ኖሮ የአንድ ቤት ዕቃ እንኳ እንደማያሟላ ሁላችንም ባወቅን ነበር፤ የቀን ቍጥር ስለ ሆነ ግን የማያልቅ ይመስለናል።

እንግዲህ ከዚህ ዘመን ለእግዚአብሔር የምንለየው የትኛውን ክፍል ነው? በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። ከዚያም በኋላ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው፣ ቀጥሎም በእግራቸው እየመጡ ይቈርባሉ። ጕርምስና ሲደርስ ግን አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቅዳሴውን አስቀድሶ በቍርባኑ ሰዓት ዳር ይቆማል። ለምን ቢባል፣ «ገና ነኝ፤ ዕድሜዬ ሲገፋ እደርስበታለሁ» ይላል። ንስሓም እንደዚሁ ነው። የነፍስ አባት አለን እንላለን፤ ነገር ግን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እንጂ ልባችንን ልንከፍትላቸው ብለን የምንፈልጋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። በቅርብ ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ብዙ ወጣቶች ይህን ልማድ ትተው ሲቈርቡ ማየታችን ደስ ያሰኘናል፤ ልማዱ ግን ገና ከመካከላችን አልጠፋም። ይህን የሚያደርጉ ሁሉ ከንቀት የተነሣ ነው አንልም፤ ብዙዎቹ ቅዱሱን ምሥጢር ፈርተው ነው። ሆኖም ፍርሃቱ ከኃጢአት ሳያርቀን ከቍርባን ብቻ የሚያርቀን ከሆነ፣ ፍርሃት መባሉ ቀርቶ ቀጠሮ ቢባል ይሻላል።

ለዚህ ቀጠሮ መጽሐፍ የሚጠቅሱም አሉ፤ በ11 ሰዓት ወደ ወይኑ ቦታ ስለ ገቡት ሠራተኞች የተነገረውን ምሳሌ ያነሣሉ (ማቴ. 20፥1-16)። የአገራችን ሰዓት አቈጣጠር ከወንጌሉ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ምሳሌው ለእኛ ግልጥ ነው፤ 11 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ልትጠልቅ ምን ያህል እንደሚቀራት ከብት ጠባቂ ልጅም ያውቀዋል። ጌታው ማለዳ ወጣ፤ ደግሞም በ3፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት ወጣ። እነዚያ የኋለኞቹ ስለ ምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ሲጠየቁ፣ የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ይህን ቃላቸውን ልብ እንበል። ማለዳ ጥሪውን ሰምተው «ፀሐዩ ይብረድልን፤ ወደ ማታ እንመጣለን» ያሉ አልነበሩም። እኛ ግን በ40 ወይም በ80 ቀናችን ተጠርተን የገባን ነን፤ ስለዚህ የእነርሱን ዲናር ተስፋ እያደረግን የእነርሱን ምክንያት ልንሰጥ አንችልም። የጌታው ቸርነት በሠርክ ለመጣው ሁሉ ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ለዚህ ምስክር ነው። እርሱ ግን ጌታን ባወቀባት ሰዓት ተናገረ እንጂ ለሌላ ሰዓት አላሳደረውም።

ሌሎች ደግሞ «ዕድሜ ቢጨመርልን» ይላሉ። ዕድሜ የተጨመረለት፣ የጭማሪውንም ልክ በቍጥር ያወቀ አንድ ሰው በመጽሐፍ እናገኛለን፤ እርሱም የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው (2ኛ ነገ. 20)። ለሞት ታምሞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ ቤቱን እንዲያስተካክል ነገረው፤ ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ሕዝቅያስ ክፉ ሰው አልነበረም። የጣዖትን መስገጃ ያፈረሰ፣ ቦይ አስቈፍሮ ወደ ከተማው ውኃ ያስገባ ንጉሥ ነው። ነገር ግን በተጨመረለት ዘመን የሆነውን ስናነብ እናዝናለን። ከባቢሎን መልእክተኞች በመጡ ጊዜ ብሩንና ወርቁን፣ ሽቱውንና የጦር መሣሪያ ቤቱን ሁሉ አሳያቸው። ስለዚህም ሀብቱና ከልጆቹም የሚወሰዱት ወደ ባቢሎን እንደሚሄዱ ኢሳይያስ በነገረው ጊዜ፣ በእርሱ ዘመን ሰላም መሆኑ አጽናናው። የሚከተለውን ያልታሰበ የሚመስል ነገር ደግሞ መጽሐፍ በቍጥር ብቻ ይጠቍመናል፤ ልጁ ምናሴ ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። እንግዲህ ምናሴ የተወለደው ዕድሜው ከተጨመረ ከ3 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ይህም ምናሴ፣ በኋላ ንስሓ መግባቱ ቢጻፍም፣ የአባቱን ሥራ አፍርሶ ኢየሩሳሌምን በንጹሐን ደም የሞላ ንጉሥ ሆነ። ሕዝቅያስ ለእንግዶች ግምጃ ቤቱን እንደ ከፈተ ተጽፎልናል፤ 12ቱን ዓመት ለልጁ የሕግን መዝገብ እንደ ከፈተለት ግን አናነብም። ጭማሪው ዘመን ከሰማይ የመጣ ነበር፤ ያጠፋው ሰው ግን ከምድር ነው።

በወንጌል የተነገረላት ያላፈራች በለስም ጭማሪ አግኝታለች (ሉቃ. 13፥6-9)። ሦስት ዓመት ፍሬ ቢታጣባት ባለቤቱ እንድትቈረጥ አዘዘ፤ አትክልተኛው አንድ ዓመት ለመነላት። ልመናው ግን ባዶ አልነበረም፤ ዙሪያዋን ሊኰተኵትና ፍግ ሊያፈስባት ቃል ገባ። መስከረም 1 ቀን «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረን» እንባባላለን፤ መልካም ምርቃት ነው። ነገር ግን ይህች በለስም ሦስት ጊዜ ተሸጋግራ ነበር።

«የምንውለው በሥራ፣ የምናድረው በድካም ነው፤ በኵራት ከየት ይምጣ?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከታመመ ልጅዋ አጠገብ ተቀምጣ ያደረች እናት ኪዳን አላደረሰችም ብለን አንነቅፋትም፤ ያ ሌሊት ራሱ በኵራት ነው። አባቶቻችንም ቀኑን በሙሉ አምጡ አላሉንም። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ብለው ሰባት ጊዜያትን ለጸሎት ለዩ፤ ይኸውም ሥራው ሳይቋረጥ የየክፍሉ ራስ ለእግዚአብሔር እንዲሆን ነው። ለሰባቱ ያልቻለ ሰው ዓይኑን ሲገልጥ የእጅ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት አቡነ ዘበሰማያትን ቢደግም፣ የቀኑን እሸት ሰጥቷል።

ቃርሚያውም ቢሆን የሚጣል አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከ365 ቀን በላይ የምትተርፈውን 6 ሰዓት ያህል ንቀው አልጣሏትም፤ አራት ዓመት አጠራቅመው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 አደረጓት። ከእኛም ቀን የሚተርፍ ግማሽ ሰዓት አለ፤ በሕጉ መሠረት ይህ የድኃው ነው። በአልጋ ላይ ያለው ጎረቤት፣ ስንት ፋሲካ ያለ ሰላምታ ያሳለፍነው ወንድም፣ በገጠር ድምፃችንን የሚናፍቁ አረጋውያን ወላጆች በዚህ ቃርሚያ ይጠግባሉ። ቦዔዝም ሩት በእርሻው ስትቃርም ባየ ጊዜ፣ ከአጨዳው በአጋጣሚ በሚወድቀው ብቻ አልተወሰነም፤ ከነዶው አውቀው እየመዘዙ በመንገዷ ላይ እንዲጥሉላት አጫጆቹን አዘዘ።