ለማን የተሠራ ቤት?

«ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ቃላችን ሕንፃውንም፣ የምእመናኑን ማኅበርም፣ እያንዳንዱን ክርስቲያንም እንደሚያመለክት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ሦስተኛው ትርጉም ይወድቃል፤ ተርጓሚውም የግርጌ ማስታወሻ ከመጻፍ በቀር መላ የለውም። አርክቴክት ይህ መሸሻ የለውም። ግድግዳ ባቆመ ቁጥር ከውስጥ የሚገባውንና ከውጭ የሚቀረውን መወሰኑ ነው። እንግዲህ የአንድ ቤተ መቅደስ መልክ በምን ይዳኛል? በጥንታዊነቱ፣ በውበቱ ወይስ በሚያስጠጋው ሰው?

በናይሮቢ መካከል የቆመው የካቶሊኮች የቅድስት ቤተሰብ ባዚሊካ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀምሮ ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ተፈጸመ። ሲጀመር ቅኝ ገዢዎች በሥልጣን ላይ ነበሩ፤ ባለቀ ጊዜ አገሩ ባለቤቱን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ንድፉን ያወጡት በምሥራቅ አፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ሴት አርክቴክቶች አንዷ የነበሩት ዶሮቲ ሂዩዝ ናቸው። ኮንክሪቱ ጥርብ ድንጋይ ለመምሰል አይሞክርም፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ አዳራሹም ብዙ ሺሕ ሰው የሚይዝ ነው። ለዚህ ስፋት ግን ዋጋ ተከፍሏል፤ በ1904 ሥራው የተጀመረው አሮጌው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የለም። በዘመናዊ ሕንፃ ፊት «መጋዘን ይመስላል» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን የማንንም የትውልድ አገር ናፍቆት አለመሸከሙን እወድለታለሁ።

የእኛ አገር መፍትሔ ሌላ ነበር። በአክሱም ጽዮን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የፋሲለደስን ሕንፃ ሳያፈርሱ በአጠገቡ ባለ ጉልላት ሰፊ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ወደ አሮጌው ሴት አትገባም፤ በአዲሱ ግን ወንድም ሴትም አብረው ያስቀድሳሉ። ሥርዐቱን ለመንቀፍ አይደለም። ሆኖም ቅርስ ወዳዱ ዐይን ከአሮጌው ላይ በማይነሣበት ግቢ፣ ብዙ እናቶች ጣሪያ ያገኙት ከአዲሱ ሥር ነው።

ታዲያ አዲስ መልክ ሁልጊዜ ሰፊ ልብ አለው ማለት ነውን? ናይሮቢ ራሷ ይህን ታፈርሳለች። በእንግሊዛዊው ቴምፕል ሙር ንድፍ በ1917 ተጀምሮ በ1952 የተጠናቀቀው የአንግሊካኖች የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል በጎቲክ ሥርዐት የተሠራ ነው። ሹል ቅስቶቹ አገሩን የናፈቀ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ይመስላሉ። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻቸው እንዲፈቱ በአቅራቢያው ባለው በኡሁሩ ፓርክ የረኃብ አድማ መቱ። ፖሊስ በቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ የገጠር ሴቶች ነበሩ፤ አብረዋቸው የተሰለፉት ዋንጋሪ ማታይ ተደብድበው ሆስፒታል ገቡ። እናቶቹ ወደዚያ የእንግሊዝ ናፍቆት ወደ ሠራው ካቴድራል ምድር ቤት ወረዱ፤ ከልጆቻቸው አብዛኞቹ በ1993 መጀመሪያ እስኪፈቱም ድረስ እዚያው ሰነበቱ።