የተነሣውና የቀረው
ስለ ፊዮርድ አገር ፎቶግራፎች

በአማርኛ ፎቶግራፍ ይነሣል ይባላል። አነጋገሩ ከመለመዱ የተነሣ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም እንጂ በውስጡ ከባድ የሞራል ጥያቄ ይዟል። አንድን ነገር ያነሣ ሰው በዚያው ቅጽበት ሌላውን በነበረበት ትቶታልና፣ ስለ ፎቶግራፍ እውነተኛነት የሚቀርበው ጥያቄ ስለ ተነሣው ብቻ ሳይሆን ስለ ቀረውም ጭምር መሆን ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ፣ በየበጋው እጅግ ብዙ ጎብኚ ካሜራውን አንጠልጥሎ የሚጎርፍበት የምዕራብ ኖርዌይ የተራራና የፊዮርድ አገር ነው።

ፊዮርድ ማለት በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ቦርቡሮ በተወው ሸለቆ ውስጥ ባሕር ገብቶ የተኛበት ጠባብና ጥልቅ ወሽመጥ ነው። ከሁሉም ረጅሙ የኖርዌይ ፊዮርድ፣ ሶግነፊዮርድ፣ ከጠረፉ ወደ መሐል አገር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም እስከ 1300 ሜትር ይደርሳል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ከእነዚህ ተራሮች ጋር ሲላተም ሽቅብ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብም ሆኖ ይወርዳል። በበርገን ከተማ በዓመት የሚዘንበው ከ2000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ማለዳ የፈነጠቀች ፀሐይ ረፋድ ላይ በጉም ትዋጣለች፤ ቀትር ላይ ዶፍ ይወርዳል፤ ወደ ማታ ካፊያው ሲያባራ ተራራው ታጥቦ ብቅ ይላል።

የዕረፍት ጊዜውን ለማሳለፍ ወደዚህ የመጣ ሰው ቀኖቹ የተቆጠሩ ናቸው። ዝናቡ የተከፈለበትን ዕረፍት የሚሰርቅ ጠላት መስሎ ይታየዋል። ካሜራውን በካፖርቱ ሸሽጎ ከመጠለያ ወደ መጠለያ እየሮጠ ቀናት ካሳለፈ በኋላ ደመናው ለሩብ ሰዓት ሲገለጥለት ደጋግሞ ያነሣል። አገሩ ሲመለስ ያችን ሩብ ሰዓት «ኖርዌይ ይህ ነው» ብሎ ለወዳጆቹ ያሳያል። ዋሽቷልን?

ቸኩሎ «አዎን» የሚል ሐያሲ የፎቶግራፍን ታሪክ ልብ አላለውም። በ1832 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) በሃርዳንገር አውራጃ በኦዳ የተወለደው ክኑድ ክኑድሰን ከ1860ዎቹ ጀምሮ የምዕራብ ኖርዌይን መልክዐ ምድር እያነሣ ለአገር ጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን የመስታወቱ ሰሌዳ በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ስለነበረበት፣ ጨለማ ክፍሉ ድንኳን ሆኖ ከአንሺው ጋር ተራራ ይወጣ ነበር። ሰሌዳው ለሰማያዊ ብርሃን ከሌላው ቀለም ይልቅ ስለሚፈጥን፣ ለምድሩ በሚበቃው ጊዜ ውስጥ ሰማዩ ደመናውን አጥቶ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ ባሕሩን ከአንድ ሰሌዳ፣ ሰማዩን ከሌላ ሰሌዳ ወስዶ በአንድ ወረቀት ያተመው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ባሕሩም ሰማዩም በየፊናቸው እውነት ነበሩ፤ ማንም አልተጎዳም። እንግዲህ መምረጥ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው የተነሣው ነገር የቀረውን ሲክድ ነው።

በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጋይራንገር ፊዮርድ ላይ «ሰባቱ እኅትማማቾች» የሚባሉ ፏፏቴዎች አሉ። ውሃቸው ከላይ ከሚቀልጠው በረዶና ከዝናቡ በቀር ሌላ ምንጭ የለውም፤ ድርቅ ሲሆን ይሳሳሉ፣ አንዳንዶቹም ከዐይን ይሰወራሉ። ጎብኚው በፀሐይ የሚያነሣው ፏፏቴ ትናንት የረገመው ዝናብ ነው። ይህ ብቻም አይደለም። የፊዮርዱ ግድግዳዎች ገደል ስለሆኑና ስለሚቀራረቡ፣ ጠራራ ፀሐይ አንዱን ወገን አቃጥላ ሌላውን ጥቁር ጥላ ታደርገዋለች፤ ሁለቱን በአንድነት መያዝ ለካሜራ አስቸጋሪ ነው። ስስ ደመና ሲጋርዳት ግን ብርሃኑ እኩል ይሰራጫል፤ የድንጋዩ ቀለም፣ የሣሩ ልምላሜ፣ በገደሉ ወገብ ላይ የተንጠለጠለው ጎጆ ሳይቀር ይነበባል። ትዕግሥት ያለው አንሺ በዝናብ ቀን የሚያየውን ቸኳዩ ፀሐይ ናፋቂ አያየውም።

ስለ ጎጆዎቹ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በሰባቱ እኅትማማቾች አጠገብ ክኒቭስፍሎ፣ በማዶውም ስካገፍሎ የሚባሉ የእርሻ ሥፍራዎች ከውሃው ከፍ ብለው በገደል ላይ ይታያሉ። የስካገፍሎ ገበሬዎች ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ የሚወጣበትን መሰላል ወደ ላይ ይስቡ እንደነበር ይተረካል፤ ግብር የሚያስመርረው ገበሬ የትም አገር ብልሃት አያጣም። ክኒቭስፍሎ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ባዶ የቀረው ከበላዩ ያንዣበበው ዐለት ይወድቃል ተብሎ በመፈራቱ ነው። በመርከብ የሚያልፈው ጎብኚ ይህን ሳያውቅ «ምንኛ ያምራል!» እያለ ያነሣል። ማማሩ እውነት ነው፤ ፍርሃቱም እውነት ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ጉምን ብቻ ማንሣት የእውነተኛነት ምልክት ነው የሚል ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። ሆን ተብሎ የሚፈለግ ጭጋግ እንደ ፀሐይዋ ሁሉ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ የጌጡ ቀለም ግራጫ ከመሆኑ በቀር ልዩነት የለውም።

የተመረጠው ምስል ሰውን የሚጎዳው ሌላውን ሲጠራ ነው። ከኦዳ በላይ፣ በክኑድሰን የትውልድ አገር፣ ትሮልቱንጋ የሚባል ከገደል አፍ ወደ ባዶ አየር የወጣ ዐለት አለ። ትርጉሙ የትሮል ምላስ ማለት ነው፤ ትሮል በኖርዌይ ተረት በተራራ የሚኖር ፍጡር ነው። በ2010 ወደዚያ የወጡት 800 ያህል ሰዎች ሲሆኑ በ2016 ግን 80,000 ገደማ ደርሰዋል። የጠራቸው ፎቶግራፍ ነበር፦ አንድ ሰው ብቻውን በምላሱ ጫፍ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከሥሩ 700 ሜትር ያህል ወርዶ ሰማያዊ ሐይቅ ተንጣሎ። በዚያ ምስል ውስጥ ተራውን የሚጠብቀው ሰልፈኛ የለም፤ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን የሚፈጀው መንገድ የለም፤ በመንገዱ አጋማሽ ላይ የሚወርደው ጉምና ብርድ የለም። ሐይቁም ቢሆን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተገደበ፣ ያ የተጠላ ዝናብ የሚጠራቀምበት ማጠራቀሚያ ነው። ምስሉን አምኖ በቀላል ጫማ የወጣውን ሰው በሌሊት ፍለጋ የሚወጡት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንሺው ለሥዕሉ ውበት ብሎ የተወው ነገር ሁሉ ዕዳ ሆኖ በእነርሱ ትከሻ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን ምስል ያሰራጨ ሰው «እኔ ያየሁትን ብቻ አሳየሁ» ብሎ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባውም፤ ሰልፉንም ዝናቡንም አይቷልና።

በሚያዝያ 1934 ከጋይራንገር ብዙ በማይርቀው በታፍዮርድ አንድ ተራራ ተንዶ ፊዮርዱ ውስጥ ወደቀ። የተነሣው ማዕበል በአንዳንድ ሥፍራ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ 40 ሰዎችን ገደለ። ዛሬም በዚያው አካባቢ ኦከርነስ በሚባለው ተራራ ላይ በየዓመቱ በሴንቲሜትሮች የሚሰፋ ስንጥቅ አለ። በዙሪያው የተተከሉት መሣሪያዎች በፀሐይም በጉምም፣ በቀንም በሌሊትም፣ አየር ሳይመርጡ ዐለቱን ይለካሉ። ከታች፣ በጠራው ውሃ ላይ፣ የጎብኚዎቹ መርከብ ያልፋል፤ ሰዎቹም ደመናው እስኪገለጥ ካሜራቸውን ይዘው በመርከቡ ጠርዝ ቆመዋል።