የሕመምተኛው ፈቃድና የሐኪሙ እውነት

ትናንሽ ሕዋሳት ያሉት የሳንባ ካንሰር በተባለው ብርቱ ደዌ የተያዘ ሰው በመጀመሪያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ይሻለዋል፤ ዳሩ ግን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ያገረሻል። ያን ጊዜ ሐኪሙ፣ «አዲስ የመድኃኒቶች ጥምረት በሚፈተንበት ሙከራ ይካፈላሉን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ጥያቄው የምርምር ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ነው። ሞት ከቀረበው ሰው ይህን መጠየቅ ይገባልን?

በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012፣ የመጀመሪያው ሕክምና ካበቃ ቢያንስ ከ90 ቀን በኋላ ሕመሙ ያገረሸባቸው 180 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ሲስፕላቲን፣ ኢቶፖሳይድና አይሪኖቴካን በአንድነት፣ ሌላው ቶፖቴካን ብቻ ተሰጠው። በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከፊተኛው ወገን እኩሌታው ከ18.2 ወር በላይ፣ ከኋለኛው እኩሌታው ከ12.5 ወር በላይ በሕይወት ቆየ። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ሲመናመኑ የሚመጣው አስጊ ትኩሳት ጥምረቱን ከወሰዱት ከመቶ 31ዱን ሲይዝ፣ ከሌሎቹ የያዘው ከመቶ 7ቱን ብቻ ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ የሉርቢኔክቴዲንና የዶክሶሩቢሲን ጥምረት በ613 ሰዎች መካከል ተፈትኖ፣ ከቀድሞው ሕክምና ይልቅ ዕድሜን ማራዘሙ አልተረጋገጠም። እንግዲህ ወደ ሙከራ የሚገባ ሁሉ መጨረሻውን ሳያውቅ ይገባል።

የእምነት ትምህርት ማኅበር በ1980 ባወጣው መግለጫ፣ ሌላ በቂ መድኃኒት ሲታጣ ሕመምተኛው ፈቅዶ ገና በሙከራ ላይ ባለ ሕክምና መጠቀም እንደሚችል፣ በዚህም ለሰው ልጆች ቸርነትን ሊያሳይ እንደሚችል አስተምሯል። ውጤቱ ከተጠበቀው ቢያንስም ማቋረጥ ይፈቀዳል።

መጠየቁ እንግዲህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ቸርነት የሚባለው ሰጪው የሚሰጠውን ሲያውቅ ነው። በእኛ ዘንድ ዘመድ ከማዘኑ የተነሣ የደዌውን ስም ከሕመምተኛው መሰወሩ የተለመደ ነው። ይህ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አንክድም። ሆኖም ደዌውን ያላወቀ ሰው «እሺ» ቢል፣ የፈቀደው ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ አይደለም። መድኃኒቱ በዕጣ እንደሚመደብለት፣ ሥቃይ ሊጨምርበት እንደሚችል፣ ጥቅሙም ከእርሱ ይልቅ በኋላ ለሚታመሙት ሊሆን እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። «እምቢ» ቢልም ሕመሙን የሚያስታግስለትና ከአጠገቡ የማይርቅ ሐኪም ሊያጣ አይገባም።

ስለዚህ ሕመምተኛ በቤታችን ያለን ሁሉ፣ እርሱን ትተን ከሐኪሙ ጋር ከመምከራችን በፊት፣ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይወዳሉ?» ብለን ራሱን እንጠይቀው።