በሩ ክፍት ነው ማለት ግቢ ማለት ነው?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጓደኝነት ያፈረሰ ነገር ነው። ስልኳ የተሰበረባት ጓደኛሽ ስልክሽን ተውሳ ፌስቡኳን ከፈተች እንበል። ከቤተሰቧ ጋር ተጻጻፈች፣ አመስግና መለሰችልሽ። በማግስቱ አንቺ ለራስሽ ጉዳይ ስትከፍቺው የሚመጣው ያንቺ ሳይሆን የእሷ ገጽ ነው። ለማን ብር እንደላከች፣ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ማንን እንደምትወድ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የይለፍ ቃሏን አልሰረቅሽም፤ ስልኩ ራሱ ነው ያሳየሽ። ታዲያ ብታነቢው ነውር ነው?

ብዙዎቻችን «እሷ ናት ሳትዘጋ የሄደችው፣ እኔ ምን አደረግኩ» እንላለን። ሌሎች ደግሞ «ስልኩ የኔ ነው፣ ስልኬ ላይ ያለውን ባይ ማን ይከለክለኛል» ይላሉ። እኔ ሁለቱም መልስ አይዋጥልኝም። ለምን እንደማይዋጥልኝ ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ ስልኩ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ አል-ዓሪዳ ማታ ሥራ ስጨርስ ፒኤችፒ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በስልኬ እማራለሁ። አንዱ ትምህርት ስለ ኩኪ ነው። ትምህርቴ ከአስረኛ ክፍል ባያልፍም ገብቶኛል፤ እናንተም ይገባችኋል።

ማንኛውም ድረ ገጽ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ስልካችን ላይ ያለው ብራውዘር ጥያቄ ይልካል፣ ሰርቨሩ መልስ ይሰጣል፣ አለቀ። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የሚባለው ደንብ የትናንቱን ቀርቶ የቅድሙንም አያስታውስም። አሁን የይለፍ ቃልሽን ሰጥተሽ ብትገቢ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሌላ ገጽ ስትነኪ ለሱ አዲስ እንግዳ ነሽ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994 ኔትስኬፕ በተባለ ድርጅት ይሠራ የነበረ ሉ ሞንቱሊ የሚባል ፕሮግራመር ለዚህ መላ አመጣ። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ አንዲት አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ብራውዘሩ ያስቀምጣትና በተመለሰ ቁጥር ያሳየዋል። ኩኪ የምትባለው ያቺ ጽሑፍ ናት።

አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሄደች ሁሉ ካርድ ክፍልን ታውቃለች። የመጀመሪያ ቀን ስምሽን ነግረሽ ካርድ ታወጫለሽ። ማህደርሽ እዚያው ይቀራል፤ ላንቺ የምትሰጥሽ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ናት። ሌላ ቀን ወረቀቷን ስታሳዪ ማህደርሽ ይወጣል። ኩኪም እንዲሁ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ፕሮግራመር ኩኪው ላይ የይለፍ ቃልሽንም ሆነ የገንዘብሽን ልክ አይጽፍም። ማንም በግምት የማይደርስበት ረጅም ቁጥር ብቻ ይሰጥሻል፤ ሌላው ሰርቨሩ ጋ ይቀመጣል። ይህን ሴሽን ይሉታል። አንድ ልዩነት ግን አለ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ፊትሽን አይታ «ይቺ እኮ እሷ አይደለችም» ልትል ትችላለች። ሰርቨር ፊት አያይም። ቁጥሯን ይዞ የመጣ ሁሉ ለሱ ባለቤቷ ነው።

የመጀመሪያው መልሴ ከዚህ ይወጣል። ስልኩ የጓደኛሽን ገጽ ሲያሳይሽ ፈቅዶልሽ አይደለም፤ አንቺን እሷ ናት ብሎ ተሳስቶ ነው። ገንዘብ ቤት ያለው ልጅ ተሳስቶ የሌላ ሰው ብር ቢቆጥርልሽ ብሩ ያንቺ አይሆንም፤ ትመልሺያለሽ። ይሄም ያው ነው። ፈቃድ የሚመጣው ከጓደኛሽ አፍ ነው፣ እሷ ደግሞ «አንብቢልኝ» አላለችሽም።

«እሷ ናት ያልዘጋችው» የሚለውስ? አንዲት ሴት በሯን ሳትቆልፍ ገበያ ብትሄድና ሌባ ቢገባ «ምነው ብትቆልፊው ኖሮ» እንላት ይሆናል። ሌባውን ግን «ደግ አደረግህ» አንለውም። የእሷ ቸልተኝነት ለጉዳት ያጋልጣታል እንጂ የእሷን ነገር ለሌላ ሰው አያደርገውም። ደግሞም ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። ኩኪ ሲሰጥ ቀን ይቆረጥለታል። ቀን ካልተቆረጠለት ብራውዘሩ ጨርሶ ሲዘጋ እንዲጠፋ ነው የታሰበው። «አስታውሰኝ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ግን ለሳምንታት፣ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ቀኑን የቆረጠችው ጓደኛሽ አይደለችም፤ ድረ ገጹን የሠሩት ሰዎች ናቸው። እሷ ገጹን በጣቷ ገፍታ ስታጠፋው የዘጋችው መስሏታል።

«ስልኩ የኔ ነው» የሚለውን ደግሞ ወደ ራሳችን እናዙረው። ማዳም ስልክ ገዝታ ብትሰጥሽና አንድ ቀን «ስልኩን የገዛሁት እኔ ነኝ» ብላ ከእናትሽ ጋር የተጻጻፍሽውን ብታነብ ምን ይሰማሻል? ያንገበግብሻል። ስልኩ የእሷ ሊሆን ይችላል፤ ቃልሽ ግን ያንቺ ነው። ታዲያ ይሄ መልስ እኛ ላይ ሲሠራ ግፍ ከሆነ፣ እኛ በጓደኛችን ላይ ስንሠራበት ትክክል ሊሆን አይችልም።

እኔ ይህን ነገር አደራ ነው የምለው። አንዷ እንዲህ ልትል ትችላለች፤ «አደራ እኮ ሰጪና ተቀባይ አለው። እሷ አልሰጠችኝም፣ እኔም እሺ ብዬ አልተቀበልኩም።» እውነት ነው፣ ኩኪውን ስልክሽ ላይ ያስቀመጠው ሰርቨሩ ነው፤ ሁለታችሁም አላያችሁትም። ግን የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ ግቢሽ ብትገባስ? አደራ ያለሽ የለም። ቢሆንም አልበሽ አትጠጪም። ታስሪያትና «ላማችሁ እኛ ጋ ናት» ብለሽ ትልኪያለሽ። ሳንጠየቅ እጃችን ላይ የወደቀ ነገርም አደራ ይሆናል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ባለቤቷ አታውቅም፣ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

ከባዱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እኛ ያለነው ድንበር ላይ ነው። በየመን በኩል በእግር የሚመጡ ወገኖቻችን ወደ ጂዛን እንደሚገቡ፣ መንገድ ላይ የቀሩም እንዳሉ የማታውቅ የለችም። ጓደኛሽ ድምጿ ቢጠፋ፣ ገጿም ስልክሽ ላይ ክፍት ቢሆን፣ በመጨረሻ ከየትኛው ደላላ ጋር እንደተነጋገረች አይተሽ ለእህቷ መንገር ነውር ነው? እኔ ነውር አይደለም ባይ ነኝ። ላሟ ብትታመም ባለቤቷ እስክትመጣ ዝም ብለሽ አታያትም። ግን ራሴን የምጠይቀው ነገር አለ፤ ነገ በሰላም ብንገናኝ ፊቷ ቆሜ «ይህን አየሁ፣ ያየሁትም ለዚህ ነው» ልላት እችላለሁ? የመጨረሻውን መልእክት ስላየሁ ታመሰግነኝ ይሆናል። የዓመት የፍቅር ወሬዋን ቁጭ ብዬ ካነበብኩ ግን የምናገረው የለኝም። «ተጨንቄላት ነው» እያልን ወሬ የምንፈልግበት ጊዜም አለ፤ ይህን ጥያቄ የምጠይቀው እሱን ለመለየት ነው።

ሸክሙን ሁሉ እኛ ላይ መጫን ግን አልፈልግም። ድረ ገጹን የሚሠራውም ድርሻ አለው። በትምህርቱ በጣም የገረመኝ ኩኪ የሚጠፋበት መንገድ ነው። ሰርቨሩ ስልክሽ ውስጥ ገብቶ ሊያጠፋው አይችልም። ያንኑ ኩኪ በዚያው ስም፣ ግን ቀኑ ያለፈበት አድርጎ መልሶ ይልከዋል፤ ብራውዘሩም ቀኑ ማለፉን አይቶ ይጥለዋል። ይሄ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ሰርቨሩ ጋ ያለው ሴሽን ካልተዘጋ፣ ቁጥሩን ቀድሞ የገለበጠ ሰው እንደገና ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ውጣ» የሚለው ቁልፍ በሁለቱም በኩል መዝጋት አለበት። ብዙ ባንኮች ጥቂት ደቂቃ ዝም ስትዪ የሚያስወጡሽም ስልኩ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ እንደሚችል አስበው ነው። ሰው የሚጠቀምበትን የሚሠራ ሰው፣ ስልክ የሚዋዋሱ ሴቶችንም ማሰብ አለበት።

ሕግም አለ። ሳውዲ ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ይሁንና የሳውዲው ሕግ ሰው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ብቻ የያዘውን መረጃ፣ ለሌላ አሳልፎ እስካልሰጠ ድረስ አይነካም። አንድ ክፍል ውስጥ ያለን ሁለት ጓደኛሞች መሃል ገብቶ «አንብበሻል ወይ» የሚል ዳኛ የለም። እዚያ ያለው ኅሊናችን ነው።

ስለዚህ የሰው ስልክ ስትዋሺ ገጹን ገፍቶ ማጥፋት አይበቃም፤ «ውጣ» ወይም «ሎግ አውት» የሚለውን ፈልገሽ ተጫኚ። ኢንኮግኒቶ በሚባለው መስኮት ብትከፍቺ ደግሞ ይሻላል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ኩኪው አብሮ ይጠፋል። ረስተሽ ከሄድሽ፣ ፌስቡክ ቅንብሩ ውስጥ ገጽሽ በየትኞቹ ስልኮች ላይ ክፍት እንደሆነ ያሳይሻል፤ ካለሽበት ሆነሽ መዝጋት ትችያለሽ።

የሌላ ሰው ገጽ ስልክሽ ላይ ከመጣብሽ ደግሞ ሳታነቢ ዝጊውና ንገሪያት። ዝም ብሎ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ካልነገርሻት ሌላም ቦታ ክፍት ትታው እንደሆነ አታጣራም። ስትነግሪያት መጀመሪያ የምትጠይቅሽ «አንብበሽው ይሆን?» ብላ ነው። «አላነበብኩም» ስትያት እውነት ይሁን።