የአትክልቱ ዳርቻ የማን ነው?

በግዕዝ ሥርዓት መሠረት ዘመነ ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱ ዘመነ ጽጌ ይገባና እስከ ኅዳር 5 ቀን ለ40 ቀናት ይዘልቃል። ዝናቡ ግን የቀን መቁጠሪያ አይመለከትም። በደጋው አገራችን በመስከረም መጨረሻ አሁንም ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፤ ከሰው ቁመት በላይ የደረሰው ሰንበሌጥ ውኃ ከብዶት ወደ መንገዱ ይጎነበሳል፤ አደይ አበባውም ግማሹ እንደ ፈካ፣ ግማሹ ደግሞ ቢጫ ቅጠሉ ረግፎ ጥቁር ፍሬው ብቻ ቀርቶ ይታያል።

በብዙ የቁምስና ግቢዎች ማጭድ የሚነሣው በዚህ ሰሞን ነው። መስቀል አልፎአል፤ ለበዓሉ የተጎዘጎዘው ቀጤማ ደርቆ ተጠርጎአል፤ አበባውም የሚፈለግበት ጊዜ ያበቃ ይመስላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሣር ምን ይሠራል? ቦታው ተቆፍሮ ጎመንና ድንች ቢተከልበት ለድኾች አይበጅምን? ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ትጉሃን የሆኑት፣ በየሳምንቱ የችግረኞችን ደጅ የሚያንኳኩ ካቴኪስቶች ናቸው። ረሃብን በሚያውቅ አገር የተነሣ ጥያቄ ስለ ሆነ በፈገግታ ሊታለፍ አይገባም።

ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ የንቡ መልስ ነው። አደይ አበባ ለደጋ ንብ ዋና ቀለብ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከእርሱ ብዙ ያገኛል። ስንደዶና አክርማ ለመሶብና ለሰፌድ፣ ሰንበሌጡም ለቤት ክዳን ይውላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ የሚከራከር ሰው ገና ሳይጀምር የተረታ ይመስለኛል። ማር የማይሰጥ አበባ ሲገኝ ምን ሊል ነው? ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በጎ የሆነውን ነገር በ3 ከፍሎ ያየዋል፤ ስለ ራሱ የሚፈለግ፣ ወደ ሌላ ስለሚያደርስ የሚፈለግ፣ ፍላጎትም ደርሶበት የሚያርፍበትና የሚደሰትበት። ጠቃሚ የምንለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ስለ ሌላ ነገር ብቻ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቅም የሚለው ቃል ራሱ ትርጉም ባጣ ነበር። ጎመኑ ለሰው ነው፤ ሰውስ ለምንድን ነው?

ቶማስ ዘቸላኖ ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በጻፈው ሁለተኛ የሕይወት ታሪክ እንደሚነግረን፣ ቅዱሱ አትክልተኛውን ወንድም በአትክልቱ ዙሪያ ያለውን ዳርቻ ሳይቆፍር ለሣሩና ለአበባው እንዲተወው አዝዞት ነበር፤ በየወቅታቸው የፈጣሪን ውበት ይመሰክሩ ዘንድ። ነፍስ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው ቁጥር 12 ላይ ይህንኑ አስታውሰዋል። ልብ እንበል፤ ይህን ያዘዘው ባለጸጋ አይደለም፤ ለምኖ የሚበላ ድኻ ነው። ደግሞም ያስተወው ዳርቻውን እንጂ አትክልቱን በሙሉ አይደለም።

በአንጻሩ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት 50ኛው ስብከቱ፣ መሠዊያውን ሐር አልብሶ በደጅ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ክርስቶስን ቸል የሚለውን ሰው አጥብቆ ይገሥጻል። ውድ ሽቱ በጌታ ላይ በፈሰሰ ጊዜም ያጉረመረመው ይሁዳ ብቻ አልነበረም፤ በዮሐንስ ወንጌል ስለ 300 ዲናሩ የተናገረው እርሱ ቢሆንም፣ በማቴዎስ (26፥8) የተቈጡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ስለዚህ ጠያቂውን ሁሉ ይሁዳ ብሎ አፉን ማዘጋት ፍትሕ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሐሩ ለድኻው ሊሆን ይችል በነበረ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ የዳርቻውን አበባ ግን ማንም አልገዛውም። (በመሠዊያው ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ አቧራ የሚለብሰውን የፕላስቲክ አበባ በተመለከተ የአፈወርቅን ተግሣጽ ሳላመነታ እቀበላለሁ።)

ኦሪት ዘሌዋውያን (19፥9-10፤ 23፥22) ባለ እርሻው እስከ ዳርቻው ድረስ አጥርቶ እንዳያጭድ፣ የቀረውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል። ይህ ትእዛዝ እንጂ የምጽዋት ምክር አይደለም። ታዲያ ካቴኪስቱ «የድኻውን ድርሻ ለአበባ ሰጣችሁት» ቢለንስ? መሬት የሌላት እናት ስንደዶ የምትለቅመው፣ የሰፈሩም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ አደይ የሚቆርጡት ካልታረሰው ቦታ መሆኑን ያስተውል። እስከ አጥሩ ሥር የተቆፈረ ግቢ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው የሚገባው ጠርተውት ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ግን የጥቅምቱ ነው። በመስከረም የፈካውን አደይ ማንም ይወደዋል። ቅዱስ ቶማስ ለውበት ከሚጠይቃቸው 3 ነገሮች የመጀመሪያው ሙሉነት ነው፤ ዝናብ የሰበረው ሣርና የረገፈው አበባ ምን ሙሉነት አላቸው? አደይ ዘሩን ጥሎ የሚያልፍ ተክል ነው። ፍሬው ሳይበስል የታጨደው ነው ጎዶሎ፤ ጠቁሮ የቆመው ግን ሥራውን እየፈጸመ ነው። የተፈጥሮ ሙሉነት በአንድ ቀን መልክ አይለካም። ሕሙማንን ስንጎበኝ በየቤቱ ጥግ የተቀመጡ አረጋውያን «አባ፣ ከእንግዲህ ለምንም አልረባም፤ ሸክም ሆንሁ» ይሉናል። ይህን ቃል ከየት ተማሩት? ከእኛ አነጋገር፣ ሁሉን በሚያስገኘው ከሚመዝነው ዓይናችን እንዳልሆነ መማል አልችልም። ቤተ ክርስቲያን ግን የአበባውን ወራት የሰጠችው ለስደት መታሰቢያ ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን፣ ሁለቱም ለማንም የሚያስገኙት ነገር ያልነበራቸውን ጊዜ ታስባለች።

ተግባሩን በተመለከተ፣ ከአጥሩ ሥር ሁለት ክንድ ያህል ስፋት ይበቃል። ማጭዱ ዘሩ እስኪረግፍ፣ ቢያንስ እስከ ኅዳር 5 ቀን ይቆይ። ስንደዶ ለቃሚዎች ሲመጡ ዘበኛው በሩን ይክፈትላቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚታጨደው ሣር ለከብቱ ወይም ለቤቱ ክዳን ለቸገረው ይሰጥ። ጎመኑም በመካከል ይተከል፤ ቦታ አለ።