በሩቅ ሆኖ የቤትን ቃል ስለ መስማት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲሄድ በሩን ይዘጋል፤ ቁልፉንም ይዞ ይሄዳል። በሌለበት ጊዜ በቴሌፎን የሚመጣለትን ቃል ግን ማን ይቀበልለታል? የዴንማርክ ሰው ቫልደማር ፖልሰን ይህን አስቦ፣ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኃይል የሚይዝ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. ሠራ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ቃል ተቀባይ መኪና የቤት ዕቃ ሆነ።

ባለቤቱም በሩቅ ሳለ ወደ ገዛ ቤቱ ደውሎ የተቀመጠለትን ቃል ለመስማት ቻለ። አስቀድሞ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ወደ ቴሌፎኑ መናገሪያ ያስጠጋ ነበር፤ ኋላ ግን የምሥጢር ቁጥር መንካት በቃው። አንዳንዶቹ መኪናዎች አዲስ ቃል ሲኖር በሁለተኛው ጥሪ ያነሣሉ፤ ባይኖር እስከ አራተኛው ይቆያሉ። ስለዚህ ሦስተኛውን ጥሪ የሰማ ሰው ምንም እንዳልመጣለት ዐውቆ ይዘጋል፤ ገንዘቡም ይተርፋል።

ነገር ግን መኪናው ቁጥርን እንጂ ሰውን አያውቅም። ቁጥሩም ሁለት ወይም ሦስት አሐዝ ብቻ ሲሆን ሌላ ሰው ገምቶ ሊያገኘው ይችላል። የበሩ መሳሳት ሌባውን ያጸድቀዋልን? አያጸድቀውም። በእንግሊዝ አገር ጋዜጠኞች በተንቀሳቃሽ ስልክ የተቀመጠ የሰው ቃል በስውር መስማታቸው ቢገለጥ፣ ኒውስ ኦቭ ዘ ዎርልድ የተባለው ጋዜጣ በ2011 ተዘጋ።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን ቁጥሩ በእውነት የተሰጠው ሰው ነገር ነው። መኪናው የቤተ ሰቡ ሁሉ ነውና፣ ከሩቅ የደወለው ልጅ ለእናቱ የተነገረውን ቃል አስቀድሞ ይሰማል፤ አንድ ቁጥር ቢነካም ያጠፋዋል። ተጣልታት የኖረች እኅቷ «ይቅር በይኝ» ብላ ይሆናል። እናቲቱ ቃል እንደ መጣላት አታውቅም፤ እኅቷም መልስ ብታጣ የተናቀች ይመስላታል። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉም አልተሰረቀም፤ ዕርቁ ግን ቀረ።

እንግዲህ ቃል ለተላከለት እስኪደርስ ድረስ አደራ ነው። ቁጥሩ መስማትን ያስችላል እንጂ በሰው ቃል ላይ አያሠለጥንም። የሌላውን ቃል ሳያስበው የሰማ ሰው ሁለት ነገር ይገባዋል፤ አለማጥፋትና ለባለቤቱ መንገር። ምሥጢር ቢሆንም ለሦስተኛ ሰው አለማውራት ይጨመርበታል። ያጠፋ እንደ ሆነም ማንም ባያየው፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ሰምቷልና ራሱ ምስክር ይሆንበታል።

ዛሬ ይህ መኪና ከብዙ ቤት ወጥቷል፤ ቃሉም በሌላ ስፍራ ይቀመጣል። የጠባቂው ዕዳ ግን የቀድሞው ነው።