ተሰጥኦ የማን ነው?

በአንድ ቁምስና ውስጥ በየሰንበቱ መዘምራኑን በኦርጋን የሚያጅብ የ19 ዓመት ወጣት አለ። ኖታ ማንበብ ያስተማሩት አንዲት ሲስተር ናቸው፤ እርሳቸው ወደ ሌላ ቤት ከተዛወሩ ወዲህ ግን ያለ መምህር፣ ከአሮጌ መጻሕፍትና በጆሮው ከሚሰማው እየቀዳ ራሱን ሲያስተምር ቆይቷል። ይህ ወጣት ባለፈው ዓመት መጨረሻ ወደ ቆሞሱ ቀርቦ በጀርመን አገር በሚገኝ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፒያኖ ለመማር ማመልከት እንደሚፈልግ ገለጠ። የጠየቀውም ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ስለ ጠባዩና ስለ አገልግሎቱ የሚመሰክር ደብዳቤ፣ ሁለተኛው በቁምስናው አዳራሽ ያለውን አሮጌ ፒያኖ ለቀረጻ እንዲጠቀምበት ፈቃድ። ቆሞሱ ነገሩን ወደ ቁምስናው ምክር ቤት አመጡት፤ እኛም ከተሰበሰቡት መካከል ነበርን።

በዚያ ስብሰባ ላይ ልጁ ምን ያህል እንደሚችል፣ የትምህርት ቤቱ ፈተና ምን እንደሚመስል፣ ለጉዞው ምን እንደሚያስፈልገው የጠየቀ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥያቄ «እርሱ ከሄደ ማን ይጫወትልናል?» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ያቀረቡት ለቤተ ክርስቲያን ብዙ የደከሙ አንድ አረጋዊ አባት ናቸው። ወጣቱን አስጠርተው «ልጄ፣ ትመለሳለህ ወይ?» አሉት። «አዎን አባባ፣ እመለሳለሁ» ሲል መለሰ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ጸሐፊውም «ትምህርቱን ሲፈጽም ተመልሶ ቁምስናውን ለማገልገል ቃል ገብቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ እንዲያስገባ ታዘዘ።

ወደየቤታችን ከገባን በኋላ ግን ያ መልስ አላስተኛንም፤ እጅግ ፈጥኖ የተሰጠ መልስ ነበርና። የ19 ዓመት ልጅ አይቶት ስለማያውቀው አገር፣ ጀምሮት ስለማያውቀው ትምህርት፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን፣ ትንፋሽ ሳይወስድ እንዴት ሊመልስ ይችላል? ልጁ በሩ የሚከፈትበትን ቃል ዐውቆ ተናገረው እንጂ የልቡን አልነገረንም። እንዲህ ያለውን ቃል የሚጠይቁትም እኛ ብቻ አይደለንም። የነጻ ትምህርት ዕድል ቅጾች አመልካቹ ወደፊት አገሩን እንዴት እንደሚያገለግል እንዲጽፍ ያዛሉ። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ሕግ ደግሞ አመልካቹ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ የመመለስ ሐሳብ እንዳለው እንዲያሳይ ይጠይቃል። ወጣቶቻችን ከቅጽ ወደ ቅጽ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲሄዱ ይህን አንድ ቃል ይለማመዱታል። እኛ ግን ኤምባሲ አይደለንም። የጠየቅነው ክርስትና ሲነሣ ያየነውን፣ ለመጀመሪያ ቁርባን ያዘጋጀነውን ልጅ ነው፤ የጠየቅነውም ስምንተኛውን ትእዛዝ ባስተማርነው በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

የአረጋዊውን አባት ሥጋት በራስ ወዳድነት መተርጐም ስሕተት ይሆናል። በሕይወታቸው ብዙ ሸኝተዋል፤ ከሸኟቸውም መካከል ብዙዎቹን ዳግመኛ ያዩአቸው በፎቶግራፍ ነው። ላባቸውን አፍስሰው ያስተማሯቸው ልጆቻቸው በስልክ ድምፅ ብቻ የቀሩላቸው ወላጆች በየቁምስናው አሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 12 ጸጋ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ለሁሉ ጥቅም እንደ ሆነ ያስተምራል። እንግዲህ ተሰጥኦ የባለቤቱ የግል ንብረት ነው፣ እንደ ወደደ ያደርገዋል ለሚል ሰው ሐዋርያው ምንም ድጋፍ አይሰጠውም። ማኅበረ ምእመናን በአንድ ልጅ ተሰጥኦ ውስጥ ድርሻ አላት፤ ይህን አንክድም።

ነገር ግን ድርሻ አለኝ ማለትና ባለቤት ነኝ ማለት ይለያያሉ። ሐዋርያው ለሁሉ ጥቅም ሲል የሚናገረው ስለ ክርስቶስ አካል ነው፤ አካሉም በቁምስናችን አጥር አያበቃም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የመክሊቱን ምሳሌ ለሕፃናት ስናስተምር «መክሊታችሁን አትቅበሩ» እንላለን። በምሳሌው ውስጥ ጉድጓዱን የቆፈረው መክሊቱን የተቀበለው አገልጋይ ራሱ ነው። በእኛ ዘንድ ግን አንዳንድ ጊዜ ባለ መክሊቱ ቆሞ እያየ ጉድጓዱን የምንቆፍርለት እኛ ነን፤ ያውም በፍቅር ስም፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያን ስም።

በሙዚቃ ረገድ ነገሩ ከሌላው ትምህርት ይልቅ ይብሳል፤ ጣት ጊዜ አይጠብቅምና። ሕግ ወይም ታሪክ በ30 ዓመቱ መማር የጀመረ ሰው ሊደርስበት ይችላል፤ ፒያኖ ግን ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ከ5 እና ከ6 ዓመታቸው ጀምሮ የተማሩት ነው። ዘግይቶ መጀመር ሁሉን ይዘጋል ማለታችን አይደለም። ዛሬ በፒያኖ ሥራዎቻቸው የታወቁት አቶ ግርማ ይፍራሸዋ መጀመሪያ ክራር ተጫዋች ነበሩ፤ ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው፤ ከዚያም በቡልጋሪያ በሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተማሩ። (ያሬድ ትምህርት ቤት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንደሚያስተምር እግረ መንገዳችንን እናሳስባለን፤ ሙዚቃ መማር ሁልጊዜ ባሕር መሻገር ማለት አይደለም።) ዳሩ ግን «ቆይ፣ ተተኪ ስናገኝ ትሄዳለህ» ብለን የምንወስድበት ሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚሰጥ አይደለም።

በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ እኛ ዜማችንን የተቀበልነው ከቅዱስ ያሬድ ነው። መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ስለ እርሱ ሲያስተምሩ ዛፉን ለመውጣት ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ የተሳካለትን ትል ይተርካሉ፤ መልካም ነው፤ ለሰነፍ ተማሪ የሚሆን ትምህርት ነው። በስንክሳር የሚገኘውን ሌላውን ታሪክ ግን እምብዛም አንሰማም። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ሲፈስ ያሬድም አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላየም። መዝሙሩ ሲፈጸም ንጉሡ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ፤ ስለ ፈሰሰው ደም የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድም አስቀድሞ እንዳይከለክለው ቃል ካስገባው በኋላ ሄዶ መመንኰስ እንዲፈቅድለት ለመነው። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ቃሉን ማጠፍ ፈራና አሰናበተው። ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቃል የገባው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። የገባው ቀሪው ነው እንጂ ሂያጁ አይደለም። ንጉሡ «ሂድ፣ ነገር ግን ለፋሲካ ተመለስ» አላለም። ቤተ መንግሥቱ ያን ድምፅ አጣ፤ ኀዘኑም እውነተኛ ኀዘን ነበረ፤ ታሪኩም አይሸፍነውም። በፍቅር የወጋውን እግር ግን በፍቅር ሊያስረው አልደፈረም። በርግጥ ያሬድ የሄደው ወደ ምናኔ ነው፤ የእኛ ልጅ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ ሁለቱን አናስተካክልም። የምንጠይቀው ስለ ንጉሡ ነው፤ የእርሱ ወንበር ዛሬ በየቁምስናው ምክር ቤት አለና።

ስለ ተስፋ ቃልም ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሰቱ ያስተማረውን ማስታወስ ይጠቅማል። ቃል የሚገባ ሰው ለመፈጸም በልቡ ካሰበ አይዋሽም፤ በኋላም የሰዎቹና የነገሩ ሁኔታ ተለውጦ ሳይፈጽም ቢቀር ምክንያቱ ይታይለታል ይላል። እንግዲህ ውሸቱ ያለው ባለመመለስ ላይ አይደለም። ቃሉ በሚነገርበት ሰዓት ልብ ውስጥ ሐሳቡ ከሌለ፣ ያን ጊዜ ነው ውሸት የሚሆነው። ታዲያ ሐሳቡ ገና ያልተፀነሰለትን ልጅ አስገድዶ የሚያናግር ሰው የውሸቱ ተካፋይ አይሆንምን? እኛ ለራሳችን የሰጠነው መልስ አሳፍሮናል።

የመመለስ ነገርም እንደምናስበው ቀላል አይደለም። አቶ አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1998 ዐረፉ። ይህ ሰው ተመልሷል እንበል ወይስ አልተመለሰም? የተከሉት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ልጆቻችንን ያስተምራል።

ካልሄዱትም መካከል አንድ ታላቅ ስም እናነሣለን። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ ተምረው ነበር። በለንደን በሚገኘው የሙዚቃ ሮያል አካዳሚ የመማር ዕድል አግኝተው ሳለ መሄዱ ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ ከኀዘናቸው የተነሣም እህል እምቢ ብለው ለሞት ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግሸን ማርያም ገብተው የመነኰሱት። በ2023 በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ የደረሷቸው የፒያኖ ሥራዎች በዓለም ዙሪያ ይሰማሉ፤ ከገቢውም ለችግረኞች ረድተዋል። ይህን ታሪክ ጠቅሶ «እነሆ፣ መከልከላቸው በጎ ሆነላቸው» የሚል ሰባኪ አጋጥሞናል። እኛ እንዲህ ለማለት አንደፍርም። እግዚአብሔር ከተዘጋ በር በጎ ነገር ማውጣቱ የእርሱ ቸርነት ነው፤ በሩን ለዘጋው ሰው ግን ጽድቅ አይሆነውም። የዮሴፍ ወንድሞችም በዚህ ምክንያት ንጹሓን አልሆኑም።

ወደ ቁምስናችን ልጅ እንመለስ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁትን ስናነብ ከደብዳቤያችን ይልቅ እነርሱ ለእውነት የተጠነቀቁ ሆነው አገኘናቸው። ብዙዎቹ አስቀድመው ቪዲዮ ይጠይቃሉ፤ ለፒያኖ ብዙውን ጊዜ አንድ የባኽ ሥራ፣ አንድ የሃይድን ወይም የሞዛርት ወይም የቤትሆቨን ሶናታ፣ አንድም ከኋለኛው ዘመን። እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቆረጥና ሳይቀጠል መቀረጽ አለበት። ይህን ያለፈ በአካል ቀርቦ ይፈተናል፤ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብና የጆሮ ፈተናም አለ። የአዳራሹ ፒያኖ ቅኝቱ የወረደ፣ ሁለት ቁልፎቹም የሚጣበቁ ነው። በኮምፒዩተር የሠለጠነ አንድ የመዘምራኑ አባል ከሦስት ቀረጻ የተሻለ የተሻለውን መርጦ ሊያገጣጥምለት ተነሣ፤ «ማን ያውቅብናል?» አለ። ወጣቱ ሁለት ቀን አሰበ። እንደ ሰማነው፣ እንቢ ለማለት የከበደው ከምክር ቤቱ ደብዳቤ የተነሣ ነው፤ ታላላቆቹ ያልተረጋገጠ ነገር ፈርመው ሳለ እርሱ ሁለት ገጽ ሙዚቃ ቢቀጥል ምን ነውር አለው? በመጨረሻ ግን እንዳለ ቀረጸው፣ ከነሚጣበቁት ቁልፎች።

እኛም ይህን ከሰማን በኋላ ደብዳቤው እንደገና እንዲጻፍ ጠየቅን። አዲሱ ደብዳቤ የምናውቀውን ብቻ ይናገራል፤ 4 ዓመት በታማኝነት ማገልገሉን፣ ካለ መምህር መቆየቱን፣ ኖታ በዝግታ እንደሚያነብና ጆሮው ግን ፈጣን መሆኑን። ስለ መመለስ የነበረው ዐረፍተ ነገር ወጥቶ በቦታው አንድ ቀን በመካከላችን እንደምናየው ተስፋ ማድረጋችን፣ እርሱም ይህን ተስፋችንን ማወቁ ተጻፈ። አንዳንዶች ኖታ በዝግታ ያነባል የሚለው ይጐዳዋል ብለው ነበር። በአካል ሲፈተን በሚታይ ነገር ላይ ምን መሸፈን ይቻላል?

የገንዘቡን ጉዳይ በአጭሩ እናንሣ፣ ወላጆች ስለሚጠይቁን። በጀርመን በርካታ የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ በባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች በየመንፈቀ ዓመቱ 1500 ዩሮ እንዲከፍሉ በ2017 ተደንግጓል። ለቪዛው ደግሞ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ መኖሩ መታየት አለበት፤ መጠኑም በ2024 ከ11 ሺህ ዩሮ በላይ ነበር። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ የሚገኘው የከርቲስ ትምህርት ቤት ከ1928 ጀምሮ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ የሚቀበላቸው ግን እጅግ ጥቂቶችን ነው። ለእኛ ልጅ ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ገና አልታወቀም።

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አረጋዊው አባት ደብዳቤውን ፈረሙ፤ በሐሳቡ ግን አልተስማሙም፤ ይህንንም በግልጽ ተናገሩ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ያሬድንም ቶማስንም ትጠቅሳላችሁ። እኔ የምጠይቀው በትንሣኤ ሌሊት ኦርጋኑ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ ነው» አሉ። የሚመልስላቸው አልተገኘም። ሲስተር ከሄዱ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ከዚያ ልጅ አጠገብ ሌላ ልጅ አላስቀመጥንም፤ አንድ ሰው ስለነበረን በቃን ብለን ተኝተን ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ በቁጥር 115 የሙዚቃ ትምህርት በየተቋማቱ በትጋት እንዲሰጥ አዝዟል፤ ትእዛዙ ለእኛም ነበረ።

ማመልከቻው የተላከው በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ገባበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። ወጣቱ በየሰንበቱ ይጫወታል፤ ከቅዳሴ በኋላም ሁለት ሕፃናት ኦርጋኑ አጠገብ ሲቆሙ አይተናል፤ የአንደኛዋ እግር ገና ፔዳሉ ላይ አይደርስም።